«ባረቀብኝ» ለምንል ሁሉ፦ ለኮሎራዶ ኢትዮጵያውያን አዳኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኮሎራዶ ኢትዮጵያውያን አዳኞች፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ለመውጣት ለተዘጋጃችሁ፣ ሥጋውን ቤት ሆናችሁ ለምትጠብቁ፣ እንዲሁም የአዳራሾቻችንን ቁልፍ ለያዛችሁ ሽማግሌዎች፤

እንደምን ከረማችሁ።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ አምና ነው። ለምን እንዳልጻፍኩት እየሄድኩ እነግራችኋለሁ።

አምና በጥቅምት መጨረሻ፣ ከሚከር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጠጠር መንገድ ዳር መኪና አቁመን አራት ሆነን ንጋትን እንጠብቅ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያውን ከፍተን ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳን ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት እናወራለን። ከኋላ የተቀመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አፈሙዙን ወደ ወለሉ ደፍተውታል። ጓንት ሲያወልቁ ይሁን ሲያጠልቁ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ብቻ ጆሯችን ድው አለ፤ ቡናውም ጣሪያው ላይ ተረጨ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም። መብራት አብርተን ስናይ ወለሉ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከጫማዬ ጫፍ አራት ጣት ትርቃለች። ወርደን ከሥር ስናይ ግን ብረቱ እንደ አበባ ወደ ውጭ ተከፍቷል።

የመጀመሪያው የተነገረ ቃል «ባረቀ» የሚል ነበር። ከዚያ ሁላችንም ተቀባበልነው። ባረቀባቸው። ጠመንጃው ባረቀ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር፤ «እንኳን አተረፋችሁ፤ የዚህ አገር ጠመንጃ እኮ አንዳንዴ ይባርቃል» እየተባለ። ጋሼም ጠመንጃውን «ችግር አለበት» ብለው ሸጡት።

«ባረቀ» ማለት ከመብረቅ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። መብረቅ የሚመታው እግዜር ሲፈቅድ ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። ጠመንጃውን የድርጊቱ ባለቤት አድርገን ሰውየውን ደግሞ «በት» በምትል ጭራ እናንጠለጥለዋለን፤ እንደ ተጎጂ። ደንበኛ የሽሽት ሰዋስው ነው።

ያ ጠመንጃ ግን አልባረቀም። ጥይት ባይጎርስ ኖሮ ቃታውን የጓንት ጫፍ ቀርቶ ጥፍርም ቢስበው ቀጭ ብሎ ይቀር ነበር። የኮሎራዶ ሕግ ተሽከርካሪ ውስጥ የሚቀመጥ ጠመንጃ ጥይት አፉ ውስጥ እንዳይኖር የሚያዘው ለዚሁ ነው። ጋሼ ደግሞ ድንኳናችን ደጃፍ ላይ አቀባብለው ነው መኪና የገቡት። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ስላየሁ ነው። በእጅ ባትሪዬ ብርሃን የጥይቱ ናስ ብልጭ ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ጋሼ በሃያ ዓመት ይበልጡኛል፤ ቀድሞ በአገራቸው ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ እኔ ማነኝና «ጋሼ፣ ያውጡት» የምለው? ይሉኝታ ያዘኝ። አምና ያልጻፍኩትም በዚሁ በይሉኝታ ነው። ስለዚህ ወለሉን የበሱት ጋሼ ብቻ አይደሉም፤ እኔም አለሁበት።

ስለ ቀድሞ ወታደሮቻችን አንድ ነገር ልበል፤ አትቀየሙኝ። «እኔ ጠመንጃ ተሸክሜ ነው ያደግሁት፤ ማን ነው እኔን የሚያስተምረኝ?» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ክላሽ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ፈታታችሁ ትገጥማላችሁ። ነገር ግን ጦር ሜዳ ላይ ከፊት የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጠላት ነበር፤ ቶሎ የተኮሰ ነው የተረፈው። እዚህ ጫካ ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው አብዛኛው የሰው አባት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ውሻ ነው። ከአምስት ቀን አደን አራቱን አንድም ጥይት ሳይተኩሱ መመለስ የተለመደ ነው፤ አሪፍ አዳኝ የሚባለውም ስንቴ እንደተወ ቆጥሮ የሚነግራችሁ ነው።

ሁለተኛ መሸሻም አለን።

ያደግሁት ጎጃም ነው። በቆሎ ሲያሽት ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት አያስቀምጡም፤ ማማ ላይ ወጥቶ ማደር ግድ ነው። አንድ ጎረቤታችን ምንሽራቸውን ይዘው ማማ ላይ ባደሩበት ሌሊት በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ተኮሱ። ራት ይዞላቸው የመጣ የእህታቸው ልጅ ነበር። ጭኑን ተመትቶ ተረፈ። መንደሩ በሙሉ «ሰይጣን ዓይናቸውን ጋርዶባቸው» አለ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ታረቁ፣ አለቀ። ከዓመታት በኋላ አገር ቤት ስሄድ ያን ልጅ አገኘሁት፤ እያነከሰ በሬ ይነዳል። ስናወራ እንዲህ አለኝ፦ «አጎቴ ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ምን ብሎ ይለኛል? ሰይጣን ነዋ ያደረገው!» እየሳቀ ነበር የነገረኝ።

እኔም ሰይጣን ሊጋርደኝ የነበረበትን ቀን ልንገራችሁ፤ ሚስቴም ገና ዛሬ በዚህ ደብዳቤ ነው የምትሰማው። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ዋይት ሪቨር ደን ውስጥ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል። ኮሎራዶ ውስጥ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ማደን ይፈቀዳል፤ ያቺ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሁሉ ነገር ኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘር) የሚመስልባት ሰዓት ናት። ቅጠላቸው የረገፈ የአስፐን ዛፎች ሥር ቡናማ ነገር ንቅንቅ አለ። የሩቅ ማያ መነጽሬ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ማንሳት ሲገባኝ ጠመንጃዬን አነሳሁና በጠመንጃው መነጽር አየሁ። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። ብርቱካናማ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል፤ ሰደርያውን በቡናማ ካፖርቱ ሸፍኖታል። ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ይታየኛል። ሁለቱ ቀጫጭን መስመሮች የሚገናኙባት ነጥብ አገጩ ሥር ነበረች።

ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም። ይህን ለራሴ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የቃታው መቆለፊያ ተቆልፎ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላስታውስም። ሰውየው ሳንድዊቹን ጨርሶ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ምንም አላወቀም። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አንዷን ቅጠል ውስጥ ጣልኳት፤ ፈልጌም አጣኋት። በጠመንጃ መነጽር ማየት ማለት ማነጣጠር ማለት ነው። «ለማየት ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በዚያ ብርሃን፣ ኤልክ ባየሁ ባልኩበት ጉጉት ላይ ጣቴ ቀድሞኝ ቢሆን፣ ነገ በአማርኛ ሬዲዮ የሚወራው ስለ እኔና ስለ ሰይጣን ነበር።

ይህ የሐበሻ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ፈረንጁም አለበት። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2006 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ ድርጭት ሲያድኑ ሃሪ ዊቲንግተን የተባሉ የ78 ዓመት የኦስቲን ጠበቃን መቱ። ድርጭቷ ስትነሳ ቼኒ እሷን ተከትለው ዞሩ፤ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ዊቲንግተን ቆመው ነበር። ብርቱካናማውን ለብሰዋል። ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና ደረታቸውን የእርሳስ ፍንጣሪ መታቸው፤ ከፍንጣሪዎቹ አንዱ ልባቸው ዘንድ ደርሶ ቀላል የልብ ድካም አመጣባቸው። መጀመሪያ የወጣው ወሬ ጥፋቱን በተመቱት ሰው ላይ የሚያላክክ ነበር፤ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ መጡ ተባለ። ከአራት ቀን በኋላ ቼኒ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ ሌላው ሁሉ ቢባል ቢባል ቃታውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ሃሪ ላይ አይላከክም አሉ። በፖለቲካቸው እንዳሻችሁ አስቡ፤ ያን ዓረፍተ ነገር ግን እኛ በአማርኛ ስንለው ሰምቼ አላውቅም። የሚያስቀው ዊቲንግተን ከሆስፒታል ሲወጡ ቼኒና ቤተሰቦቻቸው ለደረሰባቸው ጭንቀት አዘኔታቸውን ገለጹ። ይሉኝታ ለካ ቴክሳስም አለ።

ስለ ብርቱካናማው ልብስ ብዙ አልልም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ ቆብም ጨምሮ። ዝንጉርጉሩ አይቆጠርም። «አውሬው ያየናል» ለምትሉ፣ ኤልክና አጋዘን ያን ቀለም እንደኛ አያዩትም፤ የሚያስበረግጋቸው እንቅስቃሴያችሁና ሽታችሁ ነው። ሴቶች እህቶቻችን ሮዙን ሲለብሱ የምትስቁ ደግሞ ተዉ። በዚያ ላይ፣ የዊቲንግተን ጉዳይ እንደሚያሳየው፣ ልብሱ የሚሠራው የሚተኩሰው ሰው ካየ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልዩ ጉዳይ ልምጣ፤ በእንግሊዝኛ በሚሰጥ በየትኛውም የአዳኝነት ኮርስ አይነገርምና። ስለ በክት ነው።

ኤልክ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ዋላና ሚዳቋ ደግሞ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ጋር በስም ተጠርተዋል። እንስሳው ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ አሟሟቱ ላይ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ባርኮ፣ ደሙን ማፍሰስ የሚፈልግ ሰው ከተኮሰባት ደቂቃ ጀምሮ ይሮጣል። ይህን ሩጫ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሮጫለሁም። በቀኝ እጅ ካራ፣ በግራ እጅ ጠመንጃ። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ሁለተኛ ጥይት አጉርሰናል፤ መቆለፊያው ተረስቷል። የወደቀ ግንድ ላይ እንዘላለን፣ በረዶ ላይ እንንሸራተታለን፣ ከኋላችን ሁለት ጓደኞቻችን ይከተላሉ፤ አፈሙዙ በየዝላዩ ሆዳቸው ላይ ይዞራል። ደርሰን ስንንበረከክ ደግሞ ጠመንጃውን እንደጎረሰ ዛፍ ላይ እናስደግፈዋለን። የቆሰለው እንስሳ ተነሥቶ ሲፈራገጥ ዛፉን ቢመታውስ? አራተኛው የጠመንጃ ወቅት የሚያልቀው ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል መሆኑ ደግሞ ጥድፊያውን ያባብሰዋል፤ ያን ጊዜ ያልተገኘ ሥጋ ለገና በዓል እንጂ ለነገ አይደርስም።

የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ ሥጋው ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መሐል ይቆይ፤ እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ። ስለ ሩጫው ግን «ልጄ፣ ለመባረክ ስትሮጥ ወንድምህን ብትገድል ያ ሥጋ ምን ተብሎ ይበላል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ተኩሼ ሲወድቅ ባለሁበት ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። መቆለፊያውን እዘጋለሁ፤ ለጓደኞቼ «እኔ እቀድማለሁ፣ ከኋላዬ በግራ ሁኑ» ብዬ ጮክ ብዬ እነግራለሁ። በጀርባው በኩል ቀርቤ ዓይኑን በረጅም እንጨት እነካለሁ። ካልተንቀሳቀሰ፣ ካራ ከማውጣቴ በፊት ጠመንጃውን ባዶ አደርግና ጥይቶቹን ለጓደኛዬ አስይዛለሁ። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንዳንዴ ነፍሱ ትቀድመኛለች። ትቅደመኝ።

ጥይቱ የት እንደሚያርፍም አስቡ። 30-06 የሚባለው ትልቁ የአደን ጥይት አንግሉ ከተመቸው ከ3 ማይል በላይ ይሄዳል፤ ለጥንቸል የምንይዛት ትንሿ ባለ 22 እንኳ ከ1 ማይል ታልፋለች። ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከበስተጀርባው ሰማይ ብቻ የሚታይ ኤልክ ምንም ቢያምር አይተኮስበትም፤ ከማዶው ማን እንዳለ አታውቁምና። አገር ቤት ሰርግና ቀብር ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሱ ዘመዶቻችንም ጥይቱን ሰማይ የሚያስቀረው ይመስላቸዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ኤልክ ላይ እግር አንሥቶ፣ ጠመንጃ ለጓደኛ ደቅኖ «ዘራፍ» እያሉ ቲክቶክ ላይ መቀረጽ ይቅር፤ ፉከራው ሲያምር ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካሜራው አያሳይም። ውስኪው የሚከፈተው ጠመንጃው ተቆልፎ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ስቴት ለመጣ ዘመድ «እስቲ ሞክራት» ብላችሁ አታቀብሉ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀ ሰው ጠመንጃ መያዙ በፌዴራል ሕግ ከባድ ወንጀል ሊሆንበት ይችላል፤ የምታወድሙት የልጁን ኬዝ ነው። መጀመሪያ ጠበቃውን ይጠይቅ።

ቤትም ያው ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ መኝታ ቤት ገብቶ ከአልጋ ሥር ጠመንጃ ማምጣትና ከእንግዳ እንግዳ ማዟዟር የተለመደ ሆኗል። ልጆቻችን ሶፋው ላይ ሆነው የት እንደሚቀመጥ እያዩ ነው። ኮሎራዶ በ2021 ያወጣው ሕግ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ሁኔታ ጠመንጃ ማስቀመጥን ወንጀል አድርጓል። አባቶቻችን ጠመንጃቸውን ምሰሶ ላይ ይሰቅሉ ነበር፣ እውነት ነው፤ እኛ ግን የልጅ እጅ ከማይደርስበት ቁም ሣጥን ጋር ቁልፍ የሚገዛበት ዘመን ላይ ነን።

ኮርሱን በሚመለከት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ካርድ ሳይኖረው ኮሎራዶ ውስጥ የአደን ፈቃድ አይገዛም። ከመካከላችን ግን ኦንላይን ኮርሱን አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጁ እየተረጎመ፣ መልሱንም ልጁ እየተጫነ ካርድ ያወጣ አባት አውቃለሁ። ልጁ ጎበዝ አዳኝ ይወጣዋል። አባትየው ግን «አፈሙዝ» የሚባለው በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ጫካ ውስጥ አንዱ ሬንጀር ቢጮህበት አይገባውም። ለነገሩ ገንዘቡን ቀድማችሁ ከፍላችኋል፦ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 ከመቶ የፌዴራል ቀረጥ አለ፤ ከዚህና ከመሰል ቀረጦች ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለአዳኝነት ትምህርት ይውላል። የከፈላችሁበትን ተማሩበት።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የግዛታችን የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ይህን የሚተረጉምላችሁ ሰው ካለ፣ በክፍል ውስጥ ለሚሰጥ አንድ ኮርስ አማርኛ የሚናገር ሰው ከአስተማሪው ጎን እንዲቀመጥ ፍቀዱልን፤ ሰውየውን እኛ እናመጣለን፣ ክፍያ አንጠይቅም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ፣ የጠመንጃ ወቅት ከመግባቱ በፊት ባለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ስጡን።

ጋሼን ደውዬላቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት አነበብኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ሲገባ አይተህ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?» ብለው ተቆጡኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ መጥተው ስለዚያች ቀዳዳ ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቅኳቸው፤ እንደሚመጡ ነግረውኛል። «ባረቀ» ካሉ ግን መሐል ገብቼ አቋርጣቸዋለሁ ብያቸዋለሁ፤ ተስማምተናል።

ቡናውን እኔ አመጣለሁ። ጠመንጃ ማንም እንዳያመጣ፤ አጥር መሻገርን፣ መኪና መግባትን፣ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልን የምንለማመደው በመጥረጊያ እንጨት ነው። እንጨት ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ፣
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ